ሲስተሙ ነፍሰ ጡር ያላት ልጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሥራዬ ግምገማ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የኮምፒዩተር ሲስተም ሲያስገባ፣ ሲስተሙ በእርግጥ ሰውን እያገለገለ መሆን አለመሆኑን አይቼ እጽፋለሁ። ብዙ ቦታ ገብቼ ወጥቻለሁ። ሪፖርቱን ካስረከብኩ በኋላ አብዛኛውን እረሳዋለሁ። ይሄኛው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሁሉንም ነገር ቆሜ እያየሁ፣ አንድም ነገር ማድረግ ያልቻልኩበት ስለሆነ ይመስለኛል።

ቦታው ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የምኖረው አየር ጤና ስለሆነ ሥራው ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢያንስ የታክሲ ግፊያው ይቀንስልኛል ብዬ።

ጤና ጣቢያው የበሽተኞቹን ካርድ ሁሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ካዛወረ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። የኔ ድርሻ በየክፍሉ እየተቀመጥኩ ማየት፣ ሠራተኛውንና ታካሚውን መጠየቅ፣ መልሱን በያዝኩት ታብሌት ላይ መሙላት ነው። መንካት የለም። አለቃዬ ገና ስንጀምር አስጠንቅቆኛል። «ገምጋሚ እጁን ካስገባ የሚገመገመው ሲስተሙ መሆኑ ይቀርና ገምጋሚው ራሱ ይሆናል» ነበር ያለኝ።

እውነቱን ለመናገር ሲስተሙ ጥሩ ነገርም ነበረው። ድሮ ካርድ ጠፋ ተብሎ ሰው ግማሽ ቀን ይጉላላ ነበር። አሁን ስሙን ተናግሮ ወዲያው ወደ ሐኪም ይገባል። የካርድ ክፍል ሠራተኞች ከአቧራው ተገላገልን ይሉኛል። እኔም ይህን ሁሉ በደስታ እየመዘገብኩ ነበር።

አንገቴ ላይ ባጅ፣ እጄ ላይ ታብሌት ስላለ፣ ሰዉ የሲስተሙ ባለቤት አድርጎኝ ነበር። «የሲስተሟ ልጅ» ይሉኛል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከመድኃኒት መስጫው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የአንዲት እናትና የልጃቸው ወረፋ ደረሰ። እናትየው እትዬ ዘነበች ይባላሉ፤ ስማቸውን በኋላ ነው ያወቅኩት። እዚያው ሰፈር ባልዲና ጀሪካን የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ልጃቸው ትዕግሥት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሱቅ የምታግዛቸው፣ ቀጠን ያለች ዝምተኛ ልጅ ናት። የሚጥል በሽታ አለባት። በየወሩ እየመጣች መድኃኒቷን ትወስዳለች። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ወድቃ አታውቅም።

ፋርማሲስቱ ኮምፒዩተሩን ሲያይ ቆየና አንገቱን ቀና አደረገ። መስኮቱ መስታወት ስለሆነ ካልጮኹ አይሰማም።

«እናት፣ ይሄ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሐኪም ጋ ተመለሱ።»

«ለማን?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ለልጅዎ። ነፍሰ ጡር ናት ይላል።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። እትዬ ዘነበች ዞረው ልጃቸውን አዩዋት። አልጮኹም። የእጇን አንጓ ያዙና ቀስ ብለው «ማነው?» አሏት።

«እማ፣ ማንም የለም። እኔ ምንም አላውቅም።»

ከኋላ ያሉ አንዲት ሴትዮ፣ አዝነው ይሁን አሽሟጠው እንጃ፣ «ተይው እህቴ፣ እቤትሽ ገብተሽ ታወሪዋለሽ» አሉ። የትዕግሥት ፊት ነጣ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዋላጇ ከሲስተር ሐረግ ጋር ለመቀመጥ ቀጠሮ ነበረኝ። ክፍሏ ስገባ እናትና ልጅ ቀድመውኝ ገብተዋል። ሲስተር ሐረግ ኮስታራ የምትመስል፣ ግን የሰው ነገር የሚገባት ሴት ናት። እኔ ልውጣ ስላት እትዬ ዘነበች «ትቀመጥ፣ የሲስተሟ ልጅ አይደለች?» አሉ። ተቀመጥኩ።

ትዕግሥት ሽንት ሰጠችና ውጤቱን መጠበቅ ጀመርን። እትዬ ዘነበች የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ ይፈታሉ። ልጅቷ ወለሉን ታያለች።

ውጤቱ ምንም እንደሌለ አሳየ። እርጉዝ አይደለችም።

እትዬ ዘነበች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው እጇን ያዙና «ይቅር በይኝ» አሏት። ትዕግሥት ቀና ብላ አላየቻቸውም። እጇን ግን አልነጠቀቻቸውም።

ሲስተር ሐረግ ኮምፒዩተሩ ላይ ተጎንብሳ መፈለግ ጀመረች። ነገሩ ብዙም ሳይቆይ ተገኘ። በዚያው ጤና ጣቢያ ሌላ ትዕግሥት አለች። የአባቷም ስም፣ የአያቷም ስም ከዚህችኛዋ ጋር አንድ ነው። እሷ ባለትዳር ናት፣ ልትወልድ የተቃረበች። የሷ ካርድ ዘግይቶ፣ በዚያው ወር ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ሲስተሙ ሁለቱን ትዕግሥቶች አንድ ሰው አድርጓቸዋል። የዚህችኛዋን በሽታና የዚያችኛዋን እርግዝና ደርቦ ይዟል።

እኔ እፎይ አልኩ። ችግሩ ከታወቀ መፍትሔው ቀላል ነው ብዬ።

ሲስተር ሐረግ እርግዝናውን ከዚህች ልጅ ስም ላይ ለማንሳት ሞከረች። ሲስተሙ የእርግዝና ክትትል የሚዘጋው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። አንደኛው «ወልዳለች» ነው። ሁለተኛው «ፅንሱ ወርዷል»። «በስህተት የተመዘገበ» የሚል ምርጫ የለውም። ሁለቱን ሰዎች መለየት የሚችለው ደግሞ ሲስተሙን የሠራው ድርጅት ብቻ ነው።

ሲስተር ሐረግ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። «እስቲ ይሄን አንሺልን» አለችኝ።

«አልችልም ሲስተር። እኔ ወደ ሲስተሙ መግቢያ የይለፍ ቃል የለኝም።»

«ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው የመጣሽው?»

በቁጣ አልነበረም የጠየቀችኝ። የእውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው። ልገመግም ነው ማለት አፈርኩ።

ወጣ ብዬ ለድርጅቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት። ጥያቄው በስልክ እንደማይቀርብ፣ ከጤና ጣቢያው የኮምፒዩተር ባለሙያ በሲስተሙ በኩል መላክ እንዳለበት ነገረችኝ። ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል። የእሱን ሥራ የሸፈነው ሰው የይለፍ ቃሉን አያውቅም። ባለሙያው ጋ ስንደውል ስልኩ ዝግ ነው። ለአለቃዬ ደወልኩ። አዳመጠኝና «በጣም ጥሩ ግኝት ነው፣ በደንብ ጻፊው» አለኝ።

«ልጅቷ መድኃኒቷን ሳታገኝ ልትሄድ ነው» አልኩት።

«ገብቶኛል። ግን አንቺ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ አይደለሽም። እንዳትነኪ።»

ፋርማሲስቱን ለመንነው። እሱም ምስኪን ነው። ያለ ሲስተሙ ፈቃድ አንድ ፍሬ ቢያወጣ ከመጋዘኑ ይጎድላል፤ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሐኪሙ በተራ ወረቀት ላይ በእጁ ጽፎ ማኅተም አስመታልን። ያንን ይዘን ከእትዬ ዘነበች ጋር 18 አካባቢ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አዳረስን። እነሱ እምቢ ሲሉ በታክሲ ጦር ኃይሎች ድረስ ወረድን። መድኃኒቱ እንደልብ የሚሸጥ ዓይነት አይደለም። አንዱ የለም አለን። ሌላው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «አሁን ከጤና ጣቢያ የሚመጣው ከኮምፒዩተር የወጣ ነው። ይሄን ብቀበል ነገ ቤቱ የሚታሸግብኝ እኔ ነኝ» አለ። ልፈርድበት አልቻልኩም።

ተመልሰን ስንመጣ ሲስተር ሐረግ በሯን ዘጋች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንድ መንገድ አለ» አለች። «'ፅንሱ ወርዷል' ብዬ ልዝጋው። መድኃኒቷን አሁኑኑ ታገኛለች። ሌላው ባለሙያው ሲመጣ ይስተካከላል።»

እትዬ ዘነበች ቶሎ አልገባቸውም። ሲገባቸው «በልጄ ስም?» አሉ።

«በኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው እትዬ።»

«ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው አይደል እንዴ ዛሬ በሰው ፊት የተነበበው?»

ያን ጊዜ ትዕግሥት ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አሰማች። «እማ፣ ይጻፉት። እኔ መድኃኒቴን ነው የምፈልገው። የተባልኩትን እንደሆነ ተብያለሁ።»

እናትየው ልጃቸውን ሲያዩዋት ቆዩ። እሺ የሚሉ መሰለኝ። ከዚያ ግን ወደ ሲስተር ሐረግ ዞሩና «ያቺኛዋስ?» አሉ። «የምር እርጉዝ የሆነችዋ። እሷ ስትመጣ ምን ይላታል?»

ሲስተር ሐረግ ዋሽታ ልታልፈው ትችል ነበር። አልዋሸችም። «የሷም አብሮ ይዘጋል። ክትትሏ ይጠፋል» አለች።

እትዬ ዘነበች ተነሱ። «አይሆንም። የሰው ልጅ ሆዷ ውስጥ እያለ ሞተ ተብሎ አይጻፍም። እኔም ወልጃለሁ» አሉ። እቤት ጥቂት ፍሬ መድኃኒት እንደቀራትና አንዱን ፍሬ ለሁለት እየከፈሉ እንደሚሰጧት ተናገሩ። ሲስተር ሐረግ መድኃኒቱ በድንገት ማነስም ሆነ መቋረጥ እንደሌለበት አስጠነቀቀቻቸው። ሰሟት። ግን ከዚያ የተሻለ ነገር ልትሰጣቸው እንደማትችል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እናትና ልጅ ግቢውን አቋርጠው ሲወጡ በመስኮቱ አየኋቸው። ትዕግሥት ከእናቷ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርታ ነበር የምትሄደው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በየጠዋቱ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የኮምፒዩተር ባለሙያው መመለስ አለመመለሱን ነበር። አልተመለሰም። ለድርጅቱ በተደጋጋሚ ደወልኩ። በመጨረሻ ስልኩን የምታነሳው ልጅ ድምፄን ስትሰማ ስሜን መጥራት ጀመረች። እየደጋገመች ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ታብሌቴን እከፍትና ጥያቄዎቹን እቀጥላለሁ። «ሲስተሙ ሥራዎን አቅልሎልዎታል? በጣም፣ በመጠኑ፣ አላቀለለም።» ሰዉ ይመልሳል፣ እኔ እሞላለሁ።

ትዕግሥትን ያመጧት በባጃጅ ነው። ጎረቤቶቿ ደግፈው ሲያወርዷት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሱቅ ውስጥ እያለች ወድቃ ነው። ስትወድቅ የመደርደሪያው ብረት ቅንድቧን ሰንጥቆታል። ምላሷን ነክሳለች። ደሙ የጋውኗን ደረት አርሶታል። እትዬ ዘነበች ከኋላ፣ የልጃቸውን አንድ ጫማ በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ።

ድንገተኛ ክፍል ካርድ አይጠየቅም። ወዲያው አስገቧት። ሲስተር ሐረግም ሰምታ ከክፍሏ እየሮጠች መጣች። መርፌ ተወጋች፤ ቅንድቧ ተሰፋ። ኮምፒዩተሩን የከፈተ ማንም አልነበረም። ቆማ ስትመጣ በሩን የዘጋባት ቤት፣ ወድቃ ስትመጣ ከፈተላት። ይህን እያሰብኩ ኮሪደሩ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘነበች መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ይወቅሱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ልጄ፣ አንቺ ይሄን ትጽፊዋለሽ አይደል?» አሉኝ።

«እጽፈዋለሁ እትዬ» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ።

ድንገተኛ ክፍሉ ከራሱ ክምችት ለጥቂት ቀን የሚሆን መድኃኒት ሰጣት። ከዚያ በላይ አይፈቀድለትም። ያ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የተፈታው በማናችንም ጥረት አይደለም። ያቺኛዋ ትዕግሥት ወለደች። ስትወልድ የእርግዝና ክትትሉ በራሱ ተዘጋ፣ የመድኃኒቱም እገዳ አብሮ ተነሳ። እኛ ያን ሁሉ የሮጥንበትን ነገር አንዲት የማናውቃት ሴት ምጥ ፈታው። አሁን ኮምፒዩተሩ የኛዋን ትዕግሥት የሚያውቃት ወላድ አድርጎ ነው።

በሥራዬ የመጨረሻ ሳምንት፣ ከመውጫው በር አጠገብ ተቀምጬ የሚወጡትን ታካሚዎች ስለ እርካታቸው መጠየቅ ነበረብኝ። መርጦ መጠየቅ አይቻልም። ተራ የደረሰው ሰው ነው የሚጠየቀው። ተራው እትዬ ዘነበች ላይ ደረሰ። የልጃቸውን መድኃኒት በፌስታል ይዘዋል። ትዕግሥት አብራቸው የለችም። ከዚያ ወዲህ ወደ ጤና ጣቢያው መምጣት እምቢ ብላለች።

ውስጤ ደስ አለው። ይኸው፣ አሁን በራሳቸው አንደበት ይመዘገባል አልኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩላቸው። በአዲሱ ሲስተም ባገኙት አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ።

ያልሰሙኝ መሰለኝና ደገምኩት።

«በጣም ጥሩ ነው አልኩሽ። ጻፊ።»

«እትዬ ዘነበች፣ እኔ ነኝ እኮ። እውነቱን ይንገሩኝ። ስምዎ አይጻፍም።»

ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ዞር ብለው አዩ። «ስሜ ባይጻፍም ሳወራ ያየኝ ሰው አለ። እውነቱን አንቺ አይተሻል። አንቺ ነገ ትሄጃለሽ። እኔ በሚቀጥለው ወርም የምመጣው እዚሁ ነው» አሉኝ።

የቀሩትንም ጥያቄዎች በሙሉ እንደዚያው መለሱ። ተጠያቂው ያለውን መሙላት ግዴታዬ ነው። ጣቴን በየተራ «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው ላይ አሳረፍኩ። ሲጨርሱ ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ግንባሬን ሳም አድርገው ሄዱ።

በሪፖርቱ ውስጥ የትዕግሥትን ታሪክ በደንብ ጽፌው ነበር። አለቃዬ አነበበውና ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። «ልብ ይነካል» አለኝ። «ግን ይሄ አንድ ገጠመኝ ነው። ታካሚዎቹ ራሳቸው ረክተናል እያሉ በአንድ ገጠመኝ ሲስተሙን መጣል አንችልም።» ከዋናው ጽሑፍ ወጥቶ ከኋላ አባሪ ላይ ገባ። ሪፖርቱ በቀረበበት ስብሰባ አባሪውን የገለጠ ሰው አላየሁም። ሲስተሙ ጥቂት መሻሻል ታክሎበት ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎችም እንዲሰፋ ተወሰነ።

አሁንም ይህንኑ ሥራ እሠራለሁ። ልተወው አስቤ ነበር፤ አልተውኩትም። ብተወው ያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል እንጂ የሚለወጥ ነገር የለም። በሥራው ግን እንደ ድሮው አልተማመንም። አንድ ሰው «በጣም ጥሩ ነው» ሲለኝ ፊቱን አየዋለሁ። ፊቱን የምሞላበት ቦታ ታብሌቱ ላይ የለም።

እትዬ ዘነበች አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ያቺኛዋ ከወለደች ወዲህ ከጤና ጣቢያው በስልካቸው መልእክት ይገባል። ሲስተሙ ከሁለቱ ትዕግሥቶች ስልክ የያዘው የእሳቸውን ነው። «ውድ እናት፣ ልጅዎን የሚያስከትቡበት ቀን ደርሷል» ይላል። ትዕግሥት መልእክቱን ሳታይ ቶሎ ያጠፉታል። ጤና ጣቢያው ሄደው ተናግረዋል። ሲስተር ሐረግም ለበላይ አመልክታለች። መልእክቱ ግን አልቆመም።

በቅርቡ ሲደውሉ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «ልጄ፣ ዛሬም መጣ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ላስቆመው አልቻልኩም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። እንዲያው ልንገርሽ ብዬ ነው እንጂ።» ከዚያ ቀጠሉ። «ያቺ ልጅ ግን፣ መልእክቱ እኔ ጋ እየመጣ፣ ሕፃኗን አስከትባ ይሆን?»

እንደማላውቅ ነገርኳቸው።